ለእትዬ ያወጣሁት መንገድ

ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የልጅ ልጄ የሒሳብ ደብተር ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ገጽ የእሷ ቁጥር አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ መንገድ ነው። መሃል ሜልበርን፣ ከዚያ ጂሎንግ፣ ከጂሎንግ ወዲያ የወይኑ እርሻ፣ ከወይኑ እርሻ ወደ ባሕሩ፣ የባሕሩን ጠርዝ ይዞ እስከ አፖሎ ቤይ፣ ሲመለሱ በባላራት። አራት ቀን። መኪናው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር፣ ሁሉም አለበት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለመድኩት በዚያ ጎባጣ ፊደሌ። የኋለኞቹን የጻፈችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የምትጽፈው። የኋለኞቹ ገጾች ሲጻፉ፣ ያ ሁሉ መንገድ የተሰናዳላት እኅቴ ሞታ ተቀብራ ነበር። የልጅ ልጄ ታውቅ ነበር። ልጄም ታውቅ ነበር። ከሰንሻይን እስከ ፖይንት ኩክ የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ ለመንገድ የሚሆነው ቆሎ ይበቃል አይበቃም እያልኩ የምጨነቀው።

እትዬ ታላቄ ናት። ስም ነበራት፤ እኔ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እትዬ ነው ያልኳት። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨው ትሸጥ ነበር። ድሮ አሞሌውን፣ ኋላ ከአፋር በጭነት መኪና የሚመጣውን። ጣቷን ጨው አስነክታ ወደ ምላሷ ትልና «ይሄ ዝናብ አግኝቶታል»፣ «ይሄ አሸዋ አለበት» ትላለች፤ ነጋዴ አያታልላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትቀምስ ኖራ ባሕር የሚባል አይታ አታውቅም። ከደሴም የወጣችበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኔ ደግሞ እግሬ አያርፍም። «ይቺ ልጅ እግሯ ላይ ምን አለባት» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሱዳን ያደረሰኝም፣ ከሱዳን አንስቶ እዚህ ሜልበርን የጣለኝም እሱ ይመስለኛል፤ የመንግሥቱ ነገር እንዳለ ሆኖ። እዚህም ቢሆን ሜድስቶን ካለችው ቤቴ ወጥቼ ሰንሻይን ላይ ባቡር እይዛለሁ፤ የጡረተኛ ካርዴን አስነክቼ ባቡሩ እስኪያበቃ ድረስ እሄዳለሁ። ካበቃበት ወርጄ ትንሽ አያለሁ፣ ዳቦዬን በልቼ እመለሳለሁ። ልጄ ትቆጣኛለች፤ ቋንቋው ሳይኖርሽ ብትጠፊስ ትለኛለች። መንገድ የጠፋበት ሰው ፊቱ በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም እንደ እኔ ነጭ ጸጉር ያላት ፈረንጅ፣ ጂሎንግ ጣቢያ ላይ ቆሜ ስዞር አይታ፣ እጄን ይዛ ባሕሩ ድረስ አድርሳኛለች። ያን ቀን ነው ለእትዬ የደወልኩላት።

እኔ ዘንድ ከሰዓት ሲሆን እሷ ዘንድ ገና ጠዋት ነው፤ ገበያ ሳትወጣ አገኛታለሁ። ስለ ባሕሩ ከነገርኳት በኋላ ሌላ ወሬ አልጥማት አለ።

«ይሄዳል ወይስ ይተኛል?» አለችኝ።

«ይመላለሳል» አልኳት።

«ምን ጠፍቶበት?»

«መጥተሽ ጠይቂው።»

«ጨውነቱስ?» አለች። «እንደ አሞሌው ነው ወይስ እንደ ዛሬው ጨው?»

እውነቱን ለመናገር ቀምሼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ባሕር ካለበት አገር ስኖር አንድ ቀን እጄን ነክሬ ወደ አፌ አላልኩም። ቀምሼ ልንገርሽ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «እሱን ራስሽ መጥተሽ ቅመሽው» አልኳት። ለማጓጓት ነው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ በጠየቀች ቁጥር እከለክላታለሁ። ሁለት አሮጊቶች እንደ ሕፃን እንጫወታለን።

ቪዛዋ አንዴ ተከልክሎ፣ እንደገና ተጠይቆ፣ በስንት መከራ ወጣ። ለቪዛው የጤና ምርመራ ከደሴ አዲስ አበባ ስትሄድ መኪና ያዞራታልና ጣርማ በር ላይ አውርደዋት አስመለሳት። «ለአንቺ ስል አንጀቴን ጣርማ በር ላይ ጥዬው መጣሁ» አለችኝ። ቪዛው የተሰጣት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ልጄ በዚያው ሳምንት ትምጣ አለች። እኔ ነኝ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ያልኩት። በዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ጿሚ ይዞ አገር ማሳየት ጣጣ ነው፤ በዚያ ላይ እትዬ ከማታውቀው ቤት የማትበላ፣ ሥጋውን ማን ባረከው የምትል ሰው ናት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ብትመጣ የወይኑ ቅጠል ቀልቶ ታያለች፣ ብርዱም ገና አይጠናም ብዬ ነው። ሁሉንም አስቤ ነው። ያኔ ልጄን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እትዬ ባሕሩን አይታ ነበር። ይህን አሁን ለማንም አልናገረውም፤ ልጄ እንዳትሰማው እፈራለሁ።

እናም መንገዱን ማውጣት ጀመርን። ልጄ ኤጅድ ኬር፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሺፍቷን አስተካክላ አራት ቀን ታወጣለች፣ መኪናውን እሷ ትነዳለች። የልጅ ልጄ በስልኳ መንገዱን እየፈለገች ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ገብቶኝም ሳይገባኝም እንግባባለን። የባሕሩ መንገድ ጠመዝማዛ ነው አለችኝ። ጠመዝማዛ ካልሽማ እትዬ አለቀላት አልኩ። እናም በየግማሽ ሰዓቱ የሚቆምበት ቦታ እንድትፈልግልኝ አደረግኩ። ፖይንት ኩክ ልጄ ግቢ ውስጥ ሎሚ አለ፤ «ሎሚ፣ ለማሽተት» ብዬ ጻፍኩ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። የእሷ የሆነ ትራስ። እሑድ ሳይደርስ መመለስ፤ ቅዳሴ አታስቀርም።

የወይኑን እርሻ ለእትዬ ስነግራት በጣም ሳቀች። ሰው መጠጡን ሊቀምስ ብቻ አገር አቋርጦ ይሄዳል ስላት፣ ቀምሰውስ ትላለች፤ ቀምሰው ይተፉታል አልኳት። «ጠላቸው ምን ቢከፋ ነው!» አለች። «ጌሾ ይዤ ልምጣላቸው?»

ይህ ከእትዬ ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻው ነገር ነው። ጌሾ። ሌላ ትልቅ ነገር አልተባባልንም።

በማግስቱ ረቡዕ የዓይኔን ሞራ ተገፈፍኩ። አስቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ ነው፤ እኔም እትዬ ስትመጣ ባሕሩን አብሬያት በደንብ ልየው ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ። ዓይኔን አሽገው ሰደዱኝ። ሐኪሙ ለልጄ የነገራትን እሷ ተረጎመችልኝ፤ ጎንበስ እንዳትል፣ ከባድ እንዳታነሳ፣ ዓይኗን እንዳታሽ። ሐሙስ ዕለት እትዬ ሞተች። ሦስት ቀን አሟት ነበር አሉ፤ ጉንፋን ነው ብላ ለእኔ ሳትነግረኝ። ጌሾ ይዤ ልምጣ ብላ ስትስቅ ታማ ነበር ማለት ነው።

የእትዬ ልጅ የደወለው ለእኔ አይደለም፤ ለልጄ ነው። ደንቡም እንዲያ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ እጅ የሚይዝ ደጋፊ ባለበት ነው የሚነገረው። ልጄ ዓይኔን አሰበች። እናቴ ለእትዬ ስታለቅስ ቀስ ብላ አታለቅስም አለች። ትወድቃለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ዓይኗን ታሻለች። እናም ዓይኔ እስኪድን፣ እስከ ሌላው ቅዳሜ ድረስ እንዲቆይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማከረች። ዘጠኝ ቀን ማለት ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እኔ አንድ ዓይኔን ሸፍኜ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መንገድ አወጣለሁ፤ መጻፍ ስለማልችል የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ነበር የምትመጣው፤ ድሮ እንዲያ አታደርግም ነበር። ተባረኪ ስላት አንገቷን ትደፋለች። ለእትዬ ልደውል ብል ልጄ መብራት ጠፍቷል፣ ኔትወርክ የለም አለችኝ፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን አልሰማ ስል፣ «ፀበል ገብታለች እማዬ፤ ለመንገዱ እንዲቀናት ብላ ሱባዔ ይዛለች። ስልክ የለም እዚያ» አለችኝ።

አመንኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። የልጅ ልጄን «ጻፊ፤ ከፀበሉ ትይዝልን ይሆናል፤ ለፀበሉ የሚሆን ዕቃ» አልኳት። ጻፈችው። አሁንም ደብተሩ ላይ አለ።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት መናገር አለብኝ። «ፀበል ገብታለች» የሚለውን ውሸት እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔው ራሴ ለሰው ተናግሬዋለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ከማኅበራችን ሴቶች ጋር ስንት ቤት በማለዳ አንኳኩቻለሁ። ለማን መቼ ይነገር የሚለውን የሚጠይቁት እኔን ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰንሻይን የምትኖር አንዲት ወዳጄ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል ወንድሟ ሞተ። እኔ ነኝ «ድግሷን ታውጣ፣ ከዚያ ይነገራት» ብዬ የፈረድኩት። ወንድሟ ሠርጉ ላይ ለምን እንዳልደወለ ስትጠይቀኝ ፀበል ነው አልኳት። ሠርጉ ላይ እስክስታ ወረደች። እኔም አጨበጨብኩላት። ከተረዳች በኋላ «አስጨፈራችሁኝ» ብላ ተቀየመችኝ፤ ቤቴም መምጣት ተወች። እኔ ደግሞ ለእሷው ብለን፣ ምስጋና ቢስ ናት ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ጸሎቴን እንደጨረስኩ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ሦስት የማኅበራችን ሴቶች ቆመዋል። ከኋላቸው ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከሁሉም ኋላ ልጄ። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

የተናገርኩትን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። «ውይ፣ ደግሞ ማን ሞተ? ቆዩ፣ ነጠላዬን ላምጣ» ነው ያልኳቸው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው እኮ ሁልጊዜ የምሄደው። ሊወስዱኝ የመጡ ነው የመሰለኝ። ዓይኔ ስለታመመ አስቀድመው ሳይነግሩኝ ቀርተው፣ ኋላ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንም ብለው። ጓዳ ገባሁ። ጥቁር ቀሚሴን አወጣሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። ጎንበስ አትበይ የተባልኩትን ረስቼ ጫማዬን አሰርኩ። ሟቹ ማን ይሆን እያልኩ የታመሙትን ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ፤ ለአንዱ ከንፈሬን መጠጥኩ፣ ለአንዱ ነፍስ ይማር አልኩ። እትዬ ግን አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቤ አልመጣችም። ፀበል ናት።

ስወጣ ሁሉም ገብተው ቆመዋል። ቁልፌን ይዤ በማን መኪና እንደምንሄድ ጠየቅኩ። ልጄ ወደ መሬት ታያለች። ሴቶቹ ሁለቱ ቀስ ብለው ከግራና ከቀኝ ጠጋ አሉኝ። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንደሚቆም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። መርዶ የሰማ ሰው ሲወድቅ ክንዱን ለመያዝ ነው።

ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «እኅቴ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። «የምንሄድበት ቤት የለም። የመጣነው እዚሁ ነው።»

ልጄን አየኋት። «እትዬ ናት?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ለልቅሶ ራሴ ለብሼ፣ ነጠላዬን ራሴ ዘቅዝቄ መውጣቴን ግን አልረሳውም። ግድግዳ የምንጋራት ቬትናማዊቷ አሮጊት ድምፄን ሰምታ በሌሊት ልብሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማንም ምንም ሳይነግራት አለቀሰች። ልጄ እጆቼን ጠፍራ ይዛ «ዓይንሽን፣ እማዬ፣ ዓይንሽን» ትላለች። እጆቼ ተይዘው አለቀስኩ። እንዲያ ያለ ልቅሶ አልቅሼ አላውቅም፤ እጁ የታሰረ ሰው ልቅሶ።

በሁለተኛው ቀን ያቺ የሰንሻይኗ ወዳጄ መጣች። ከተቀየመችኝ ጀምሮ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ብዙ ቆየች። ደብተሩ እዚያው ራስጌዬ ነበር፤ አንስታ የሎሚውን፣ የቆሎውን ገጽ አየችው። ማንበብ ትችላለች።

«አንቺንም አስጨፈሩሽ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ይቅር በይኝ ልላት ፈለግኩ። እሷም አልጠበቀችም። ነጠላዋን ከነጠላዬ ጋር አድርጋ አብረን አለቀስን፤ እኔ ለእትዬ፣ እሷ እንደገና ለወንድሟ። ቆይታ ትንሽ ሽሮ አጉርሳኝ ሄደች።

ልጄን አልተቆጣሁም። ምን ብዬ እቆጣለሁ? አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ከአንቺ ነው የተማርኩት እማዬ» አለችኝ። ለክፋት አይደለም። እውነቷን ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የእናቴን ዓይን አስቀድም ነበር።

የልጅ ልጄ ናት ያስቸገረችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳልጠይቃት ቆይቼ፣ አንድ ቀን ያን ሁሉ ስታውቂ እንዴት ጻፍሽልኝ አልኳት። ብዙ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገረች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «ቤቱን ቡክ አድርጊ ስትይኝ፣ በውነት ቡክ አደረግሁ» አለችኝ። «አንዱ ነገር ውሸት እንዳይሆን ብዬ።»

የተከራየችው አፖሎ ቤይ፣ ባሕሩ የሚታይበት ቤት፣ ለእኔና ለእትዬ ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል። እሷ ለብቻዋ ሌላ ክፍል መተኛት አትወድም ብዬ ነበር።

የእትዬ አርባ የዋለው ከፋሲካ በኋላ ነው። አርባዋን አውጥተን ሄድን። እኔ አልፈለግኩም ነበር፤ የልጅቷን አንድ እውነት ውሸት ማድረግ ስላቃተኝ ነው የሄድኩት። ጂሎንግ አልቆምንም። የወይኑ እርሻ ጋ ቅጠሉ ቀልቶ ነበር፣ እንዳልኩት፤ በመስኮት አየሁት፣ ልጄ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች፣ እለፊ አልኳት። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስንደርስ የልጅ ልጄ በስልኳ እያየች እዚህ እንቁም፣ ደብተሩ ላይ አለ ትላለች። መኪና የሚያዞረው ሰው በሌለበት በየግማሽ ሰዓቱ ቆምን። ወርደን እንቆማለን፣ ተመልሰን እንገባለን። ሎሚውን ልጄ ይዛው ኖሯል፤ ከፊት ተቀምጦ መኪናው ሁሉ ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

አፖሎ ቤይ ከሰዓት ደረስን። ዕቃው ሳይወርድ ወደ ውኃው ሄድኩ። ዓይኔ ድኗል፤ በጣም ነው የሚያየው። ከሩቅ ያለች መርከብ እንኳ ታየኛለች። ጫማዬን አውልቄ ቁርጭምጭሚቴ እስኪነካ ገባሁ፤ ውኃው ይበርዳል፤ ይመጣል፣ ይመለሳል። ጎንበስ አልኩና እጄን ነከርኩ። ጣቴን ወደ አፌ አደረግኩ።

ጨው ነው። ግን እንደ አሞሌው አይደለም፣ እንደ ዛሬውም አይደለም። መጀመሪያ ጨው ይልሽና ኋላ ይመራል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል። እትዬ ብትሆን እንትፍ ብላ «ይሄ አይሸጥም» ትል ነበር።

ፀሐይዋን አየሁ። እትዬ ዘንድ ጠዋት ነው፤ ገበያ ሳትወጣ የማገኛት ሰዓት ነው። እጄ ሳላስበው ወደ ቀሚሴ ኪስ፣ ወደ ስልኩ ሄደ። ነካሁትና ተውኩት።

ልጄ ከኋላዬ አሸዋው ላይ ቆማ «እማዬ፣ በዚያ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ፤ ጨው አለበት» አለችኝ።

እሺ አልኳት። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።